ዌልስኛና ይሉኝታ፦ ማዘጋጃ ቤቶችና የወጣት ማዕከላት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ1952 ላንጌኔኽ በምትባል የደቡብ ዌልስ መንደር የሚኖሩ ባልና ሚስት የግብር መጠየቂያ ደረሳቸው። (ዌልስ የብሪታንያ አካል ናት፣ ዌልስኛ የራሷ ቋንቋ ነው። እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባልየው ትሬቮር ቢዝሊ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነው። ሚስቱ አይሊን አስተማሪ ነበረች። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው። እነሱም «በዌልስኛ ካልጻፋችሁልን አንከፍልም» አሉ።

ነገሩ ስምንት ዓመት ፈጀ። ከአስር ጊዜ በላይ ፍርድ ቤት ተጠሩ። የቤት ዕቃቸው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እየተጫነ ተወሰደ፤ ፒያኖው ሳይቀር ሄደ። በመጨረሻ፣ በ1960፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ የግብር ወረቀት መጣላቸው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ግብሩን ከሚጠይቀው ምክር ቤት አባላት አብዛኞቹ ራሳቸው ዌልስኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ቤታቸው ዌልስኛ ያወራሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደው በዌልስኛ ይዘምራሉ። ቢሮ ሲገቡ ቋንቋውን በር ላይ ትተው ይገባሉ። ጠልተውት አይደለም። ልማድ ነው።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1993 የዌልስኛ ቋንቋ ሕግ ወጣ። በ2011 የወጣው ሕግ ዌልስኛን ይፋዊ ቋንቋ አደረገው፣ የቋንቋ ኮሚሽነር የሚባል ሹመትም ፈጠረ። ከ2016 ጀምሮ 22ቱም የዌልስ ማዘጋጃ ቤቶች ዝርዝር የቋንቋ ግዴታ አለባቸው። ስልክ ሲያነሱ በዌልስኛ ሰላምታ ይሰጣሉ። አዲስ ምልክት ሲተክሉ ዌልስኛው ቀድሞ የሚነበብበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። በየአምስት ዓመቱም ቋንቋውን እንዴት እንደሚያስፋፉ ዕቅድ ያወጣሉ።

እንዲያም ሆኖ የ2021 ቆጠራ ሲወጣ ብዙዎች ደነገጡ። በ2011 562,000 ገደማ የነበሩት ተናጋሪዎች ወደ 538,000 ወርደዋል። ከሕዝቡ 17.8 በመቶ ማለት ነው። ቅናሹ የመጣው በአብዛኛው ከልጆች ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ካሉት ውስጥ «ዌልስኛ ይችላል» የተባለላቸው ከ40.3 በመቶ ወደ 34.3 በመቶ ዝቅ ብለዋል። የዌልስ መንግሥት ደግሞ በ2017 ያስቀመጠው ግብ በ2050 አንድ ሚሊዮን ተናጋሪ ማድረስ ነው። ስለዚህ አሁን ጥያቄው ሕግ አለ ወይ አይደለም። ሕጉ እያለ ምን እየተበላሸ ነው የሚለው ነው።

«ማንም አልጠየቀንም» ብሎ መቀመጥ

ይሄ ከሁሉም ይከፋል ባይ ነኝ።

ማዘጋጃ ቤቱ በራሪ ወረቀት ግርጌ ላይ «ይህን በዌልስኛ ከፈለጉ ይጠይቁን» ብሎ ይጽፋል። ዓመቱ ሲያልቅ የጠየቀውን ይቆጥራል፤ ሦስት ሰው። ከዚያ «ፍላጎት የለም» የሚል ሪፖርት ይወጣል።

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይሄን ሒሳብ አይቀበለውም። ዌልስኛ ተናጋሪ ሁሉ እንግሊዝኛ ይችላል ማለት ይቻላል። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ በእንግሊዝኛ ሰላም ካለችው «የለም፣ በዌልስኛ አናግሪኝ» ማለት ነገረኛ መምሰል ነው። ከኋላው ሰልፍ አለ። ሌላ ሰው እስኪጠራ ሊያስጠብቁት ነው። ቅጹ የተለየ ከሆነ ጉዳዩ ሊዘገይበትም ይችላል። ታዲያ ምን ያደርጋል? በእንግሊዝኛ ይጨርስና ይሄዳል። ማዘጋጃ ቤቱም አንድ እንግሊዝኛ ፈላጊ ብሎ ይመዘግበዋል።

ዌልሶች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ሳይጠየቁ ማቅረብ ነው። ሠራተኛው ራሱ ቀድሞ «ቦሬ ዳ» ይላል፤ እንደምን አደሩ ማለት ነው። ዌልስኛ የሚችል ሠራተኛ ብርቱካንማ ባጅ ወይም የአንገት ማሰሪያ ያደርጋል። የንግግር አረፋ ቅርጽ አለው፣ ላዩ ላይ የቋንቋው ስም ተጽፏል። ትንሽ ነገር ናት። ግን ይሉኝታው ከባለጉዳዩ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ባጁን ያየ ሰው ማንንም ሳያስቸግር ዌልስኛ ይጀምራል።

ስብሰባም እንደዚያው ነው። ግዊኔዝ በሚባለው የሰሜን ምዕራብ ግዛት የምክር ቤቱ የሥራ ቋንቋ ዌልስኛ ነው። አባላቱ በዌልስኛ ይከራከራሉ፣ የማይችለው ሰው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል። ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። «አስተርጓሚ አለ፣ የፈለገ በዌልስኛ ይናገር» ይባላል፣ ሰብሳቢው በእንግሊዝኛ ይከፍታል፣ አስተርጓሚው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሰብሳቢው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በዌልስኛ ቢል ኖሮ ሌላው በተከተለ።

ትርጉምን የመጨረሻ ሰዓት ሥራ ማድረግ

እዚህ ላይ ሳቅ አለ። በ2008 የስዋንሲ ማዘጋጃ ቤት ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ምልክት ማሠራት ፈለገ። እንግሊዝኛውን ለትርጉም ክፍል በኢሜይል ላከ። መልስ ወዲያው መጣ፣ መልሱም ብረት ላይ ታትሞ መንገድ ዳር ተተከለ። የዌልስኛው ጽሑፍ ምን ይላል? «በአሁኑ ሰዓት ቢሮ ውስጥ አይደለሁም። የሚተረጎም ሥራ ካለ ይላኩ።» የተርጓሚው አውቶማቲክ መልስ ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ካርዲፍና ፔናርዝ መካከል የቆመ ምልክት ደግሞ ለብስክሌት ነጂዎች በእንግሊዝኛ «ውረዱ» ይላል። ዌልስኛው የሚያወራው ስለ ሽንት ፊኛ መቆጣት ነው።

ሰው ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ያልፋል። ግን ከጽሑፉ እስከ ተከላው ድረስ ያ ወረቀት በስንት እጅ አልፏል? ዌልስኛ የሚያነብ አንድ ዓይን አላየውም። ችግሩ የተርጓሚው አይደለም። ዌልስኛው መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ከሆነ የሚያነበው ሰው መኖሩን ማንም አያስታውስም። ጽሑፉ ሲረቀቅ ጀምሮ ዌልስኛ አንባቢ አብሮ ቢቀመጥ ይሻላል። ቢያንስ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው ይየው።

ለወጣቶች አገልግሎት ሲሆን፦ ክለቡን ትምህርት ቤት ማድረግ

ዌልስ ውስጥ ዌልስኛ እስከ 16 ዓመት ድረስ ግዴታ ትምህርት ነው። ከዚህ ሌላ አብዛኛውን ትምህርት በዌልስኛ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። በተለይ በደቡብ ምሥራቅ፣ እዚያ ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው እንግሊዝኛ ነው የሚነገረው። ልጁ ሒሳብና ታሪክ በዌልስኛ ይማራል። ደወል ሲደወል ሜዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይሳደባል።

በሰው አገር ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ይሄን ልጅ ያውቀዋል። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ አንድ ነው። በአማርኛ ትጠይቀዋለህ፣ በሌላ ቋንቋ ይመልስልሃል። ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። አማርኛ የእናቱና የቅዳሜ ትምህርት ቤት ቋንቋ ስለሆነበት ነው፤ የጓደኛው አይደለም።

የወጣት ማዕከል ሥራ እዚህ ጋ ነው። ማዕከሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ግድግዳው ላይ የዌልስኛ ፖስተር መለጠፍ፣ ማክሰኞ ማታ «የዌልስኛ ሰዓት» ማወጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲማር የዋለ የ14 ዓመት ልጅ ለሌላ ክፍለ ጊዜ አይመጣም። እኔም ብሆን አልመጣም።

ይሄን ቀድሞ የገባው ኢርዝ የሚባለው የወጣቶች ድርጅት ነው። በ1922 ኢቫን አብ ኦወን ኤድዋርድስ አቋቋመው። በ1932 ላንግራኖግ በተባለ የባሕር ዳርቻ፣ በ1950 ደግሞ ግላንሊን በተባለ ሐይቅ ዳር ካምፖች ተከፈቱ። ዛሬ ልጆች ላንግራኖግ የሚሄዱት ፈረስ ሊጋልቡ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ሊንሸራተቱ ነው። ግላንሊን ታንኳ ሊቀዝፉ። ዌልስኛ ሊማሩ ብለው ሻንጣ የሚያዘጋጁ ብዙ አይመስሉኝም። ግን መሪው «ገመዱን ያዝ! አትልቀቅ!» የሚለው በዌልስኛ ነው። ልጁ ሳያስበው ቋንቋው ከደስታ ጋር ይያያዝበታል።

ሌላው ነገር የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። ሁለት ሰዎች መጀመሪያ በተዋወቁበት ቋንቋ ነው የሚቀጥሉት፤ በኋላ መቀየር ያሳፍራል። ስለዚህ የማዕከሉ ሠራተኛ በር ላይ በእንግሊዝኛ ተቀብሎ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «አሁን ወደ ዌልስኛ» ቢል አበቃ። በሩ ላይ ነው መጀመር ያለበት። ለዚህ ደግሞ ዌልስኛ የሚችል የእግር ኳስ አሠልጣኝ፣ ዌልስኛ የሚችል የሙዚቃ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል። ፖስተር ማተም ይቀላል፣ ርካሽም ነው። ለዚያ ይመስለኛል ፖስተሩ የሚበዛው።

«ባለሁለት ቋንቋ ክለብ» የሚባለውም ያታልላል። አስር ዌልስኛ ተናጋሪና ሁለት የማይችሉ ልጆች ካሉ አሥራ ሁለቱም እንግሊዝኛ ይሆናሉ። እንደገና ይሉኝታ። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ግማሽ ግማሽ ከማድረግ፣ አንዳንዱን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ በዌልስኛ ማድረግ ይሻላል። የማይችሉትን ማባረር አይደለም። አጠገባቸው የሚያግዝ ልጅ ይመደብላቸዋል።

በየቃሉ ማረም፣ ወይም እንደ ቄስ መጻፍ

ዌልስኛ «ቲ» እና «ኺ» አለው፣ እንደኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ማለት ነው። የስኬትቦርድ ውድድር ማስታወቂያ ለ15 ዓመት ልጅ በ«ኺ» ሲመጣለት ከግብር ቢሮ የተላከ ይመስለዋል። በአማርኛ «ክቡር ሆይ፣ ለስኬትቦርድ ይመዝገቡ» እንደማለት። የመጽሐፍ ዌልስኛና የአፍ ዌልስኛ የተራራቁ ናቸው፤ ለወጣት በአፉ ዌልስኛ ይጻፍለት።

የእንግሊዝኛ ቃል ጣልቃ ሲያስገባም ተዉት። በተለይ ቤቱ ዌልስኛ የማይነገርበት ልጅ አንድ ቀን በሰው ፊት ከታረመ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

አንዱን ዕቅድ ለሁሉም አካባቢ መገልበጥ

ግዊኔዝ ውስጥ 64.4 በመቶው ዌልስኛ ይናገራል። ብላይናይ ግዌንት በተባለው የደቡብ ሸለቆ 6.2 በመቶው ብቻ። አንደኛው ጋ ሥራው ያለውን ማስቀጠል ነው፦ ወጣቱ ሥራና ቤት አጥቶ እንዳይሰደድ። ሌላው ጋ ልጁ ከክፍል ውጭ ዌልስኛ የሚሰማበት አንድ ቦታ መፍጠር ነው። በ1991 ግዌንድራይስ ሸለቆ ውስጥ የመጀመሪያው የአካባቢ የቋንቋ ማኅበር ሲቋቋም ሐሳቡ ይሄው ነበር፤ ሰፈሩ የሚያስፈልገውን ሰፈሩ ይወቅ። አሁን እንዲህ ያሉ ማኅበራት መላ ዌልስ ውስጥ አሉ። ማዘጋጃ ቤት ዕቅዱን ከመጻፉ በፊት ሊያናግራቸው ይገባል። ጽፎ ከጨረሰ በኋላ «አስተያየት ስጡ» ማለት ሌላ ነገር ነው።

ሁሉን ነገር አንዷ ላይ መጫን

የየቢሮው «ዌልስኛ የምትችለዋ» አለች። ስልኩ እሷ ጋ ይዞራል፣ ደብዳቤው እሷ ጋ ይመጣል፣ ተርጓሚ ስትጠፋም እሷ ትጠራለች። ደመወዟ ያው ነው። የራሷ ሥራም አልቀነሰም። ዕረፍት ስትወጣ ዌልስኛውም አብሯት ይወጣል። ሌሎቹ ይሄን እያዩ «እኔም ትንሽ እችላለሁ» የሚሉበት ምክንያት ምንድን ነው?

መፍትሔው ቅጥር ላይ ነው። የሥራ ማስታወቂያው «ዌልስኛ ቢችል ይመረጣል» ካለ ብዙ ጊዜ ምንም አላለም። ከሕዝብ ጋር ለሚገናኝ ቦታ ግዴታ መሆን ካለበት ግዴታ ይባል። የተቀጠረውንም በሥራ ሰዓት ማስተማር ነው።

መጤውን መዝለል

«ይሄ ገና እንግሊዝኛም አልቻለ፣ ዌልስኛ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ለሰው የሚወስን ሠራተኛ አለ። በቅንነት ነው የሚለው። ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ኒውፖርትና ሬክሳም ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚመደቡባቸው ከተሞች ናቸው። ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ሰዎችም እዚያ አሉ። አማርኛና ትግርኛ፣ አንዳንዴ ዓረብኛም ጨምሮ የሚናገር ሰው አራተኛ ቋንቋ አያስፈራውም። ቤቱ ሁለትና ሦስት ቋንቋ እየተሰማ ያደገ ነው። ዌልስኛ የሚጠይቅ ሥራ ሲወጣ ደግሞ እሱም ልጆቹም ማመልከት ይፈልጋሉ።

በ2021 ከአፍጋኒስታን የሸሹ ቤተሰቦች ካርዲፍ ሲደርሱ ያረፉት ኢርዝ እዚያ ባለው የወጣቶች ማዕከሉ ነበር። ልጆቹ ከእንግሊዝኛው ጋር ዌልስኛም ሰሙ። የከተማው ሌላ ልጅ ሁሉ የሚገባበት በር ነው የተከፈተላቸው፣ የተለየ በር አልተሠራላቸውም። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከ16 እስከ 25 ዓመት ላለ ሰው የዌልስኛ ትምህርት በነፃ ይሰጣል። ይሄን ለመጤው ወጣት የሚነግረው መጀመሪያ የሚያገኘው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው፣ ያቺው ባለ ብርቱካንማ ባጅ።