መንፈሱ ቀለጠ፣ ዓይኑም ወደቀ፦ የልጆች ፓርቲ አስፈሪ መክሰስ ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ለሃሎዊንም ይሁን "ጭራቅ በጭራቅ ይሁንልኝ" ላለ ልጅ ልደት፣ አስፈሪ መክሰስ ማዘጋጀት ከባድ ሥራ አይደለም። መንፈሱ ነጭ ቸኮሌት የለበሰ እንጆሪ ነው። ሙሚው፣ ማለትም በጨርቅ የተጠቀለለው የጥንት ግብፅ አስከሬን፣ ሊጥ የተጠመጠመበት ቋሊማ ነው። የጠንቋይዋ ጣት ብስኩት ነው። ሁለት ዓይን ከተደረገለት ደግሞ ማንኛውም ምግብ ጭራቅ ይሆናል።

ችግሩ ሲበላሽም ቶሎ ነው፤ ያውም እንግዳ ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እርጥበት ነው። ስለዚህ የአሠራሩን ወረቀት ከመጠራጠራችሁ በፊት "ውሃ ከየት ገባ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ቸኮሌቱ ጓጎለ

ነጩ ቸኮሌት አምሮበት ሲቀልጥ ቆይቶ ድንገት ይወፍራል። ማንኪያው ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፤ በጣት ሲነካ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ይሄ የውሃ ሥራ ነው። ቸኮሌት ማለት ስብ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ስኳርና ካካዎ ነው። ጥቂት ጠብታ ውሃ ከገባ ስኳሩ ይረጥብና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ጠብታዋ ከየትም ትመጣለች፦ በደንብ ካልደረቀ ማንኪያ፣ ከሥር ከሚፈላው ውሃ እንፋሎት፣ ከሁሉም በላይ ግን በውሃ ከተበጠበጠ የምግብ ቀለም። አረንጓዴ ጭራቅ ለመሥራት ሁለት ጠብታ ቀለም ጨምረው ቸኮሌቱን ሙሉ የሚያጡ ብዙ ናቸው። ለቸኮሌት የሚሆነው በዘይት የተሠራ ወይም የዱቄት ቀለም ነው።

የጓጎለው ወደ ነበረበት አይመለስም፤ መጣልም ግን የለበትም። ትኩስ ወተት በሾርባ ማንኪያ አንድ አንድ እየጨመራችሁ በኃይል አማስሉት። መጀመሪያ የባሰበት ይመስላል፣ ከዚያ ልስልስ ብሎ ሶስ ይሆናል። ፍራፍሬ የሚነከርበት "የጭራቅ ደም" ወይም "ረግረግ" ብላችሁ አቅርቡት። ለማልበስ ግን አይደርቅላችሁምና አዲስ ቸኮሌት ማቅለጥ አለባችሁ።

ውሃ ሳይነካው ከጓጎለ ያቃጠለው ሙቀት ነው። ነጭ ቸኮሌት ወተትና ስኳር ስለሚበዛበት ከጥቁሩ ይልቅ ቶሎ ይናደዳል፤ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባያልፍ ጥሩ ነው። በማይክሮዌቭ ከሆነ ኃይሉን ግማሽ አድርጋችሁ በየ20 ሴኮንዱ አማስሉ። ጥቂት ያልቀለጠ ቁራጭ ሲቀር አውጡት፤ የቀረውን የራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል። ሳይጓጉል ወፍራም ብቻ ከሆነባችሁ ለ200 ግራም ቸኮሌት አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው ዘይት ይበቃዋል። በውሃ ላቅጥነው እንዳትሉ።

የመንፈሱ ልብስ ከእንጆሪው ላይ ተንሸራተተ

አሁንም እርጥበት። እንጆሪው ታጥቦ ሳይደርቅ ተነክሯል፣ ወይም ከፍሪጅ እንደወጣ ቀዝቃዛው ቆዳው አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ስቦ አልቦታል። በኩሽና ወረቀት አንድ በአንድ ጠርጉትና ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ። ስትነክሩት ቅጠሉን ይዛችሁ ቀና አድርጋችሁ አራግፉት። የተረፈው ቸኮሌት ወረቀቱ ላይ ፈሶ ኩሬ ከሠራ አትጥረጉት፤ በማንኪያ ጫፍ ጎተት አድርጉት። የመንፈሱ ጅራት እሱ ነው። ልጆች መጀመሪያ የሚነክሱትም እሱን ነው። በተረፈ በዕለቱ ይበላ፤ ካደረ እንጆሪው ውስጥ ለውስጥ ውሃ ይለቅቃል።

የሙዝ መንፈስ ሲሆን ነገሩ ይጠማዘዛል። ሙዝ ተልጦ አየር ሲነካው ይጠቁራል። ሎሚ ወይም ብርቱካን ጭማቂ መቀባት ያዘገየዋል፤ ጭማቂው ግን ቸኮሌቱን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ምረጡ። ቸኮሌት የማታለብሱት ከሆነ፣ ማለትም ግማሽ ሙዝ አቁማችሁ ዓይን ብቻ የምትለጥፉበት ከሆነ፣ ጭማቂ ቀቡት። የምታለብሱት ከሆነ ጭማቂውን ተዉትና እንጨቱን ሰክታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል በረዶ ቤት አስገቡት። በረዶ የሆነ ሙዝ ላይ ቸኮሌት ወዲያው ስለሚደርቅ ዓይኖቹ እጃችሁ ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቁ።

ዓይኑ አለቀሰ

ከስኳር የተሠሩት ዓይኖች ጥቁራቸው ይፈስና ጭራቁ ያለቀሰ ይመስላል። ስኳር እርጥበት ይወዳል፤ እርጥብ አይብ፣ ክሬም ወይም የተቆረጠ ፍራፍሬ ላይ ከሰዓታት በፊት ካስቀመጣችሁት መሟሟቱ አይቀርም። መፍትሄው ዓይንን የመጨረሻ ሥራ ማድረግ ነው፤ በሩ ሊንኳኳ ሲል። ብስኩት ላይ ከሆነ ጠብታ ቸኮሌት እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ትኩስ ቋሊማ ላይ ግን የስኳር ዓይን አትሞክሩ፤ በስቴኪኒ ጫፍ የተነካ ሰናፍጭ ወይም ማዮኔዝ ይሻላል።

ሙሚው ልብሱን አወለቀ

ሊጡ ምድጃ ውስጥ ተፈታ፣ ወይም ላዩ ቀልቶ ከሥሩ ጥሬ ሆነ። የመጀመሪያው የሚመጣው ሊጡን ስትጠመጥሙ ስለምትስቡት ነው፤ የተሳበ ሊጥ ሲሞቅ ይሰበሰባል። ሳትስቡ አሳርፉት፣ ጫፉን ከሥር ደብቁት። ሁለተኛው የመደራረብና የእርጥብ ቋሊማ ውጤት ነው። ቋሊማውን ጠርጉት፣ ሊጡን ግማሽ ሴንቲሜትር በሚሆን ስፋት ቁረጡት፣ በመሃል በመሃል ቆዳው ይታይ። በ200 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ለፊቱ ቦታ መተው አትርሱ፤ ተረስቶ የሚቀረው እሱ ነው።

ጣቱ አብጦ ወጣ

የጠንቋይ ጣት ብስኩት ምድጃ ውስጥ ይሰፋል። ቀጭን የነበረው ቋሊማ አክሎ ይወጣል። ቅቤው ለስልሷል፣ ወይም ቤኪንግ ፓውደር በዝቷል። ከምትፈልጉት ጣት አሳንሳችሁ እርሳስ በሚያህል ውፍረት አድቦልቡሉት፣ ሳይጋገር ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ። የመገጣጠሚያውን መስመር በቢላ ጀርባ ጠለቅ አድርጉ፤ ለስላሳ መስመር ሲጋገር ይጠፋል። ጥፍሩ ከወደቀ ቀይ ማርማላታ ቀብታችሁ መልሱት። ዳር ዳሩ የሚወጣው ቀይ ደግሞ ከመጀመሪያው ያሳምረዋል። ለጥፍር ብዙ ሰው የሚጠቀመው አልመንድ ነው። ከተጋበዙት ልጆች ለውዝ ነክ ነገር የማይስማማው ካለ በዱባ ፍሬ ተኩት፤ ይሄን ወላጆችን ከቀኑ በፊት ጠይቁ።

የእንቁላል ነጩ አረፋ መንፈስ

ሜሪንግ ማለት ነው። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፣ ከሁሉም የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ለጀማሪ ከፓርቲው ቀደም ብሎ ባለ ቀን እንጂ በዕለቱ አልመክርም።

አረፋው አልነሳ ካለ ቅባት አለበት። ቅንጣት አስኳል፣ ወይም ፕላስቲክ ሳህን ላይ ተጣብቆ የቀረ ዘይት ይበቃል። የብረት ወይም የመስታወት ሳህን በሎሚ ጠርጋችሁ እንደገና ጀምሩ። ሲጋገር የማር ጠብታ የሚመስል ነገር ካወጣ ስኳሩ አልሟሟም። ለአንድ እንቁላል ነጭ 50 ግራም ስኳር በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ። ከዚያ ጥቂት አረፋ በሁለት ጣት መሃል አሹት፤ እስኪልሰልስ ድረስ መምታቱን አታቁሙ። በ100 ዲግሪ አንድ ሰዓት ተኩል ጋግራችሁ ምድጃው ውስጥ ተዘግቶ ይቀዝቅዝ።

ደርቆ የነበረው ከጣት ጋር መጣበቅ ከጀመረ የአየሩን እርጥበት ጠጥቷል። ለ20 ደቂቃ ወደ ምድጃ መልሱት፣ የቸኮሌት ዓይን ካልተሠራለት ብቻ። ማስቀመጫው አየር የማያስገባ ዕቃ ነው። ፍሪጅ አይሆንም።

የጄላቲን ትሎች አልረጉም

ትሎቹ የሚሠሩት ፈሳሽ የሚያረጋውን ጄላቲን ስትሮ ውስጥ በማፍሰስ ነው። ጥሬ አናናስ፣ ኪዊ ወይም ፓፓያ ከገባበት ሌሊቱን ቢያድርም አይረጋም። በፍሬዎቹ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ጄላቲኑን ይቆራርጡታል። የታሸገው ወይም የተቀቀለው ግን ችግር የለውም፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ገድሎታል። ያልረጋውን ብርጭቆ ውስጥ ቀድታችሁ የተፈጨ ብስኩት በትኑበትና "ረግረግ" በሉት፤ ማንም አያውቅባችሁም። ትሉ ረግቶ ከስትሮው አልወጣ ካለ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለቅጽበት ነክራችሁ ከአንድ ጫፍ በጣት ግፉት።

ጥቁሩ ክሬም ግራጫ ሆነ

ይጠቁር ብላችሁ ቀለም አታብዙበት፣ ይመራል። ከነጭ ሳይሆን ካካዎ ካለበት ክሬም ተነሱ፣ ትንሽ ጥቁር ቀለም አድርጉና ይደር። ቀለሙ ሲቆይ ይጠቁራል። ቀለም የበዛበት ክሬም በማግስቱ የልጁን ሰገራ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሊያደርገው ስለሚችል ወላጆችን ቀድማችሁ ንገሩ፤ ያለበለዚያ ስልካችሁ አያርፍም።

እውነት የሚያስፈራው

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ክብ ወይን "የጭራቅ ዓይን" ሆኖ ሲቀርብ ያምራል፤ የትንሽ ልጅ ጉሮሮ ላይ ልክ እንደ ቡሽ ይወተፋል። ከ5 ዓመት በታች ላሉት በቁመቱ አራት ቦታ ቁረጡት። ቋሊማም በክብ ሳይሆን በቁመት ይሰንጠቅ። ፈንዲሻ፣ ሙሉ ለውዝና ማርሽማሎ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይቅረብ። ስቴኪኒውን እናንተው ነቅላችሁ ስጡ።

ጭስ እንዲወጣ ብላችሁ ደረቅ በረዶ (በረዶ የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ልጆች የሚጠጡበት ዕቃ ውስጥ አትክተቱ። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው፤ ቆዳና አፍ ያቃጥላል፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ይፈነዳል። ቋሊማ፣ እንቁላልና ክሬም ያለበት ነገር ሁሉ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቀኑ ሞቃት ከሆነ 1 ሰዓት።

ልጆቹ አልበላም አሉ

ከልክ በላይ አምሮላችኋል ማለት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ደም ያለበት ጣት አፉ ውስጥ አይከትም፣ እውነቱን ነው። ፈገግታ ሳሉለት፣ ዓይኖቹን ትልቅና ተቀራራቢ አድርጉ፤ ጭራቁ ወዲያው ቂል ይመስላል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂቱን ያለ ዓይንና ያለ ደም፣ ተራ እንጆሪና ተራ ብስኩት አድርጋችሁ ዳር ላይ አስቀምጡ።