ጌመር አዲስ የኦንላይን ካዚኖ ሲገመግም የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በባሕር ዳር ጌም ቤቶች ኢፉትቦልና ፐብጂ ሲጫወት ያደገ ወጣት፣ አዲስ የካዚኖ ድረ ገጽ ሲከፍት በለመደው ዓይን ነው የሚያየው። ግራፊክሱ ያምራል? ይንቀራፈፋል? ሽልማቱ ቶሎ ይመጣል? ለጌም እነዚህ ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። ካዚኖ ላይ ግን ተጫዋቹ ቢጎብዝም ባይጎብዝም የቤቱ (የካዚኖው) ድርሻ ከእያንዳንዱ ውርርድ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹ መቀየር አለባቸው። ጌመር ከሌላው ሰው የሚሻልበት ነገርም አለው፦ ጌም ውስጥ ያለ የሽልማት ሳጥንን ዕድል በመቶኛ ማንበብ ለምዷል፣ ቺተርን መጠርጠር ያውቃል። እዚህ የሚጠቅሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አስቀድሞ ዕድሜ። በአገራችን የስፖርት ውርርድ ደንብ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው መወራረድ አይችልም። ያልደረሰ ሰው በወንድሙ ስም አካውንት ቢከፍት፣ ያሸነፈውን ሊያወጣ ሲል መታወቂያ ይጠየቃል፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ያማረ ገጽን እንደ ጥሩ ሥራ መቁጠር

ጌም ላይ ግራፊክሱ የሠሪውን አቅም ያሳያል። አዲስ ካዚኖ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታዎቹን ራሱ አይሠራም፤ ከአቅራቢ ኩባንያዎች ይከራያል። ብዙ ጊዜ ድረ ገጹ፣ የክፍያ ሥርዓቱና የደንበኛ አገልግሎቱ ሳይቀር ተዘጋጅቶ የሚከራይ ጥቅል ነው። ስለዚህ ማማሩ ስለ ባለቤቱ ምንም አይነግራችሁም።

ባለቤቱን የምታገኙት ከገጹ ግርጌ ነው፦ የድርጅት ስም፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የፈቃድ ቁጥር። ከዚያ ከአጠቃቀም ደንቡ ለየት ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድታችሁ በጉግል ፈልጉ። ያው ዓረፍተ ነገር ያው የድርጅት ስም ባለባቸው ሌሎች ገጾች ላይ ከወጣ፣ አዲሱ ካዚኖ ታላላቅ ወንድሞች አሉት ማለት ነው። አዲሱ ታሪክ ባይኖረውም እነሱ አላቸው። ስለ እነሱ የቀረበውን ቅሬታ አንብቡ፣ በተለይ ገንዘብ ማውጣት ላይ።

ድምፁና ብልጭታውም ያታልላል። 20 ብር ተወራርዳችሁ 8 ብር ሲመለስ ስሎቱ (ሥዕሎች እየዞሩ ዕድል የሚወጣበት ጨዋታ) ሙዚቃ ያሰማል፣ ሳንቲም ይበትናል። ጌም ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ «ጥሩ ሠራህ» ማለት ነው፤ እዚህ ግን 12 ብር ተበልታችኋል። መድኃኒቱ ስልኩን ድምፅ አልባ አድርጎ በየ50 ዙሩ ቀሪ ሂሳብን ወረቀት ላይ መጻፍ ነው።

የጨዋታውን ስም አይቶ አርቲፒውን አለማየት

አርቲፒ ማለት ከተወራረደው ገንዘብ ውስጥ በረጅሙ ሲታይ ለተጫዋቾች የሚመለሰው መቶኛ ነው። 96 በመቶ ከሆነ ከ100 ብር ውርርድ 4 ብሩ ለቤቱ ነው። ጌመር የሚሳሳተው፣ አንድ ጨዋታ የትም ቢከፈት ያው ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። አቅራቢዎች ግን አንዱን ስሎት በተለያየ አርቲፒ ያዘጋጁታል፤ 96፣ 94፣ ሲብስም ከ90 በታች የሆነ እትም አለ። የትኛውን እንደሚጭን የሚመርጠው ካዚኖው ነው። መልኩም ሙዚቃውም አይለወጥም።

ስለዚህ ቁጥሩን ከአስተያየት ገጽ ላይ ሳይሆን ከራሱ ጨዋታ ውስጥ፣ የመረጃ ወይም የደንብ ምልክቱን ነክታችሁ አንብቡ። ያም በነጻ ሙከራው ሳይሆን በእውነተኛው ገንዘብ ሲከፈት ይሁን፤ ሁለቱ የተለያየ እትም ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥሩን ጭራሽ የማያሳይ ገጽ ከሆነ ግምገማው እዚያው ላይ ቢያበቃ ይሻላል።

«አሁንስ ደርሷል» ማለት

ይህ ከጋቻ ጌሞች (ገጸ ባሕርይ በዕጣ ከሚወጣባቸው) የመጣ ልማድ ነው። ገንሺን ኢምፓክት ላይ ባለ አምስት ኮከቡ ገጸ ባሕርይ ቢዘገይ ቢዘገይ በ90ኛው ሙከራ ይወጣል፤ ሠሪው ያስቀመጠው ዋስትና ነው። ስሎት ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ከ100 አንድ ጊዜ የሚወጣ ሽልማት በ100 ዙር ውስጥ አንዴም ያለመውጣት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው። 101ኛው ዙር ላይም ዕድሉ ያው ከ100 አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ሩሌቱ 26 ጊዜ ተከታትሎ ጥቁር ላይ ሲያርፍ፣ «አሁን ቀይ ይመጣል» እያሉ የጨመሩ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ከስረዋል።

አቪዬተርን እንደ ችሎታ ጌም ማየት

ጌመርን አብዝቶ የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ጨዋታው እጅ የሚጠይቅ ይመስላላ። አውሮፕላኑ ይነሳል፣ ማባዣው (ውርርዳችሁ የሚባዛበት ቁጥር) ይጨምራል፣ ከመጥፋቱ በፊት ካሽ አውት (የመውጫ ቁልፉን) ትጫናላችሁ። ነገር ግን የሚጠፋበት ቁጥር ከመነሳቱ በፊት ተወስኗል። የጣት ፍጥነት የሚወስነው ነገር የለም።

አርቲፒው 97 በመቶ ሲሆን፣ አንድ ማባዣ ላይ የመድረስ ዕድል በግምት 0.97 ለማባዣው ሲካፈል ነው። 2 ላይ ለመድረስ 48.5 በመቶ፣ 10 ላይ 9.7 በመቶ፣ 100 ላይ ከ1 በመቶ በታች። «ሁልጊዜ 1.20 ላይ እወጣለሁ» የሚለውንም ብልሃት አስሉት። በ10 ብር 100 ዙር ብትጫወቱ፣ 81 ጊዜ ገደማ 2 ብር ታገኛላችሁ፣ 19 ጊዜ ገደማ 10 ብር ታጣላችሁ። ተደምሮ ተቀንሶ ወደ 30 ብር ኪሳራ ነው፤ ይኸውም ከ1,000 ብር 3 በመቶ፣ የቤቱ ድርሻ። የት እንደምትወጡ ብትቀያይሩም ይህ መቶኛ አይቀየርም።

ስትሸነፉ ውርርዱን በእጥፍ እየጨመሩ መሄድም እንዲሁ ነው። ከ10 ብር ተነስቶ 20፣ 40፣ 80 እያለ ሲያድግ በሰባተኛው ሽንፈት በድምሩ 1,270 ብር ሄዷል፤ ስምንተኛው ውርርድ ብቻውን 1,280 ብር ይጠይቃል። 2 ላይ ለመውጣት የሚሞክር ሰው ሰባት ጊዜ ተከታትሎ የመሸነፍ ዕድሉ ከ100 አንድ ገደማ ነው። ያ ሁሉ ደግሞ 10 ብር ለማትረፍ።

ኔትወርኩን ደግሞ አትርሱ። ካሽ አውት የሚቆጠረው ትእዛዙ ሰርቨሩ ጋ በደረሰበት ቅጽበት እንጂ ጣታችሁ ስክሪኑን በነካበት ቅጽበት አይደለም። ቡሬ ወይም ሞጣ ላይ ኔትወርክ ሲዳከም፣ መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ሲቋረጥ ትእዛዛችሁ ላይደርስ ይችላል፤ ውርርዱ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ደንቡ ነው። ስለዚህ ስትገመግሙ ገጹ አስቀድሞ የሚሞላ ራስ ሰር ካሽ አውት እንዳለው፣ ደንቡም ስለ ግንኙነት መቋረጥ ምን እንደሚል እዩ።

በቴሌግራም «ፕሬዲክተር» (ውጤት ቀድሞ ነጋሪ) እያሉ የሚሸጡት ነገር ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው። አቪዬተር ላይ የዙሩ ውጤት የሚወጣው ከሰርቨሩ ምስጢራዊ ኮድና በዙሩ መጀመሪያ ከተወራረዱት ሦስት ተጫዋቾች ኮድ ተደምሮ ነው። የሰርቨሩ ኮድ አሻራ (ከኮዱ የተሰላ፣ ኮዱን ራሱን ግን የማይገልጥ ጽሑፍ) ከዙሩ በፊት ይታያል፤ ኮዱ ራሱ ግን ከዙሩ በኋላ ነው የሚገለጠው። ከዙሩ በኋላ ኮዱን ቀድታችሁ በሌላ ገጽ ላይ አሻራውን በማስላት ማመሳከር ትችላላችሁ። ይህ ማረጋገጫ ጥሩ ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን ውጤቱ መሐል ላይ እንዳልተለወጠ ብቻ ነው። ገንዘባችሁን እንደሚከፍሏችሁ አያረጋግጥም፣ 3 በመቶውንም አያስቀርም።

ቦነስን እንደ ነጻ ስጦታ መውሰድ

ጌም ላይ በየቀኑ ሲገቡ የሚሰጥ ሽልማት ዕዳ የለበትም። የካዚኖ ቦነስ ግን የማዞር ግዴታ አለበት፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የቦነሱን የተወሰነ እጥፍ መወራረድ ማለት ነው። 1,000 ብር አስገብታችሁ 1,000 ብር ቦነስ በ35 እጥፍ ተሰጣችሁ እንበል። ግዴታው በቦነሱ ላይ ብቻ ከሆነ 35,000 ብር መወራረድ አለባችሁ። 96 በመቶ አርቲፒ ባለው ስሎት የሚጠበቀው ኪሳራ 1,400 ብር ነው፤ ከቦነሱ ይበልጣል። ግዴታው በቦነሱና ባስገባችሁት ላይ ከሆነ 70,000 ብር፣ የሚጠበቀውም ኪሳራ 2,800 ብር ይሆናል፤ በእጃችሁ ያለው ሁለቱ ተደምሮ 2,000 ብር ነው።

ጊዜውንም አካፍሉት። 35,000 ብር በ7 ቀን ማለት በቀን 5,000 ብር፣ በ10 ብር ዙር 500 ዙር ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ የቦነሱ ሰዓት አይቆምም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አስታውሱና፣ ገጹ ለረጅም ጊዜ ባልተከፈተ አካውንት ላይ የሚቆርጠው ክፍያ እንዳለም ከደንቡ አንብቡ።

ከዚህ ሌላ ሦስት መስመሮችን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከዋናው ደንብ ተለይተው በቦነስ ደንብ ገጽ ላይ ነው ያሉት። አንደኛው በቦነስ ጊዜ የሚፈቀደው ከፍተኛ ውርርድ ነው፤ አንዴ ካለፋችሁት ያሸነፋችሁት ሁሉ ሊሰረዝ ይችላል። ሁለተኛው የትኛው ጨዋታ ስንት በመቶ እንደሚቆጠር ነው፤ ስሎት 100፣ ሩሌት 10፣ አቪዬተር 0 ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከቦነስ የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያ ነው።

ማውጣትን ሳይሞክሩ ማስገባት

በሬ የሚገዛ የጎጃም ገበሬ ጥርሱን ሳያይ፣ ሳያስኬደው ገንዘብ አይቆጥርም። እዚህም ማስኬድ ማለት ቦነሱን እንቢ ብሎ፣ ዝቅተኛውን መጠን አስገብቶ፣ ደንቡ የሚጠይቀውን ያህል፣ ያስገቡትን አንድ ጊዜ ብቻ ተወራርዶ ቀሪውን ማውጣት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ዝቅተኛውን የማውጫ መጠን እዩ፤ 50 ብር ተቀብሎ ከ500 ብር በታች የማያወጣ ገጽ ይኖራል። ጥያቄውን ያቀረባችሁበትን ሰዓትና ገንዘቡ የደረሰበትን ሰዓት መዝግቡ፣ ስክሪን ሾት ያዙ። በመጠባበቂያው ጊዜ «ሰርዝና ተጫወት» የሚል ቁልፍ ካለ፣ ጊዜው ሆን ተብሎ የተራዘመ ሊሆን ይችላል።

«ያሸነፉትን ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ይላኩ» ከተባላችሁ ጨዋታው አልቋል። እውነተኛ ግብር ከክፍያው ላይ ተቀንሶ ይቀራል እንጂ በአንድ ሰው ቴሌብር አይላክም።

ወኪልም እንዲሁ ነው። የውጭ ካዚኖው ብር በቀጥታ የማይቀበል ከሆነ በቴሌግራም ያለ ወኪል የግል ቁጥሩን ይሰጣችኋል። ገንዘቡ የሄደው ለካዚኖው ሳይሆን ለዚያ ሰው ነው፤ ቢጠፋ ካዚኖው አላውቅም ይላል።

መታወቂያንና ዋይፋይን መናቅ

የጌም አካውንት በቅጽል ስም ይከፈታል። ካዚኖ ግን ሲከፍል የመታወቂያውን ስም ይፈልጋል፣ ቅጹ ደግሞ የእኛን የአባትና የአያት ስም ሳይሆን «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። ፋይዳ ካርዱ ላይ በላቲን የተጻፈውን ፊደል በፊደል ቅዱ፤ የቴሌብሩም ስም ከዚያ ጋር ይስማማ።

ብዙ ካዚኖ ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ የአይፒ አድራሻ አንድ አካውንት ብቻ ይፈቅዳል። በጌም ቤት ዋይፋይ አምስት ጓደኛሞች ቦነስ ከወሰዱ፣ ሥርዓቱ አንድ ሰው አምስት አካውንት እንደከፈተ ያያቸዋል። ቪፒኤን መጠቀምም ክፍያ ለመከልከል በቂ ምክንያት ይሆናቸዋል።

ከድረ ገጹ የሚወርድ የኤፒኬ ፋይል (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ) ሲጫን አጭር መልእክት የማንበብ ወይም የተደራሽነት ፈቃድ ከጠየቀ አትፍቀዱ። የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በአጭር መልእክት ነው።

አርማውን አይቶ ፈቃድ አለው ማለት

የፈቃድ አርማ ምስል ነው፤ ማንም ይለጥፈዋል። ሲነካ ወደ ተቆጣጣሪው የራሱ ገጽ መውሰድ አለበት፣ እዚያም የተጻፈው የድረ ገጽ አድራሻ እናንተ ከከፈታችሁት ጋር አንድ መሆን አለበት። የማልታና የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች ዝርዝራቸው ለማንም ክፍት ነው። የካሪቢያኗ ደሴት ኩራሳዎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሥራ ላይ ባዋለችው አዲስ ሕግ የቀድሞውን የንዑስ ፈቃድ አሠራር (ዋናው ባለፈቃድ ለሌሎች የሚሰጠውን) አስቀርታለች፤ አሁንም በቀድሞው የንዑስ ፈቃድ ቁጥር የሚኩራራ ገጽ ያጠራጥራል። በውጭ አገር ፈቃድ መኖር ደግሞ እዚህ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም፤ በአገር ውስጥ ፈቃድ ሲሰጥ የቆየው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። ክርክር ቢነሳ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚከሰስ አካል አታገኙም።

ስትሪመርን ማመን

አስተያየት የሚጽፉና በቀጥታ የሚያሳዩ ብዙዎቹ በሊንካቸው ከገባ ሰው ኪሳራ ድርሻ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተኩስ ጌሙ ሲኤስ ጎ የጦር መሣሪያ ቀለም የሚያስወራርድ ገጽ ሲያስተዋውቁ የነበሩ ሁለት ዩቲዩበሮች የገጹ ባለቤቶች ሆነው ተገኝተዋል። የጌም ቀጥታ ስርጭት ገጹ ትዊችም እ.ኤ.አ. በ2022 በቂ የተጫዋች ጥበቃ የላቸውም ያላቸውን የተወሰኑ የካዚኖ ገጾች ከልክሏል።

የሰዓቱን ዋጋ አለማስላት

ጌም ቤት ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚቀመጥ የለም። ስሎትም ሰዓታዊ ዋጋ አለው። በሰዓት 600 ዙር በ5 ብር 3,000 ብር ውርርድ ነው፤ በ96 በመቶ አርቲፒ የሚጠበቀው ኪሳራ 120 ብር፣ በ92 በመቶ 240 ብር። ማዞሩን የሚያፈጥነውን «ቱርቦ» ቁልፍ ስትጫኑ ሂሳቡ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ስሎት ከ2.5 ሰከንድ ፈጥኖ እንዳይዞር አድርጋለች። የቪአይፒ ደረጃውም በዚሁ ሂሳብ ይመዘን፤ ከውርርዱ 4 በመቶ ወስዶ ግማሽ በመቶ የሚመልስ ነጥብ ደረጃችሁን ከፍ አደረገ እንጂ ኪሳራውን አልሸፈነም።

መጨረሻ ላይ የአካውንት ማስተካከያውን ክፈቱና የማስገቢያ ገደብና ራስን የማገጃ ቁልፍ መኖሩን እዩ። ገደቡን 200 ብር አድርጉት፣ ወዲያው ወደ 2,000 ለማሳደግ ሞክሩ። ጥሩ ገጽ መቀነሱን ወዲያው ይቀበላል፣ ማሳደጉን ግን ቢያንስ 24 ሰዓት ያቆየዋል። በአንድ ንክኪ ከፍ ካለላችሁ ገደቡ ለታይታ የተቀመጠ ነው።