«ቲሸኽ» የሚለውን የአይሪሽ ቃል ስንጽፍ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

የአየርላንድ መንግሥት መሪ በአይሪሽ ቋንቋ «ቲሸኽ» ይባላል። ስለ አገሪቱ በአማርኛ የተጻፉ ረቂቆችን ሳርም፣ በዚህ ቃል ዙሪያ የሚያጋጥሙኝ ስህተቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው።

ቀዳሚው የንባብ ስህተት ነው። የላቲኑን ሆሄያት አንድ በአንድ ገልብጠው «ታኦይሴች» ብለው የሚጽፉ አሉ። በአይሪሽ ግን ከመነሻው ተነባቢ ቀጥለው የተደረደሩት ሦስት አናባቢዎች የሚነበቡት እንደ አንድ ረጅም «ኢ» ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለው «ስ» በአጠገቡ ባሉት አናባቢዎች ምክንያት «ሽ» ይሆናል። መድረሻውም «ች» ሳይሆን «ኽ» ነው፤ ፊደላችን ለዚህ ድምፅ የራሱ ሆሄ እያለው በሌላ መተካት አያስፈልግም።

«ፕሬዚዳንት» ብሎ መተርጎምም ስህተት ነው። ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ሲሆን፣ ቲሸኽን የሚሾመው «ዶል» የተባለው የታችኛው ምክር ቤት ሲያቀርብለት ነው። «ጠቅላይ ሚኒስትር» ማለት ግን ትክክል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቃሉ መልኩን ሲለውጥ አለማወቅ ነው። አይሪሽ የቃልን መድረሻ ብቻ ሳይሆን መነሻውንም ይለውጣል። «ቲሸኽ» ሲበዛ «ቲሺ» ይሆናል፤ አገናዛቢ ሲሆንም እንዲሁ «ቲሺ» ስለሚባል፣ የመሪው መሥሪያ ቤት «ሪን አን ቲሺ» ተብሎ ይጠራል። ሰውየው በማዕረጉ ሲጠራ ደግሞ መነሻው «ት» ላልቶ «አ ሂሺ» ይባላል። ይህን ያላወቀ ተርጓሚ አንዱን ማዕረግ ሦስት ያደርገዋል፤ በአንድ ረቂቅ ላይ «ቲሺ» የተባለ፣ በአየርላንድ ያልነበረ ሚኒስትር ተጠቅሶ አግኝቻለሁ። ጀማሪዎችን አልወቅስም፤ «ደብር» ሲበዛ «አድባር» እንደሚሆን ያልተማረ የውጭ አገር ሰውም ሁለቱን ቃላት አንድ ናቸው ብሎ አይጠረጥርም። ነገር ግን እንግዳ ስም ሲያጋጥም ሳያጣሩ ማሳተም አይገባም።

ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1937 የተፈጠረ የሚመስላቸውም አሉ። በዚያ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለሥልጣኑ መጠሪያ አደረገው እንጂ፣ ቃሉ ራሱ በጥንታዊው አይሪሽ «ፊተኛ፣ መሪ» ማለት ነበር። ኦገም በተባለው የጥንት ጽሕፈት በድንጋይ ላይ «ቶቪሳኪ» ተብሎ ተቀርጾ ተገኝቷል። በዌልስ ቋንቋ ልዑል ማለት የሆነው «ተወሶግ» የዚሁ ዘመድ ሲሆን፣ «ማኪንቶሽ» የተባለው የስኮትላንድ ስምም «የአለቃው ልጅ» ማለት ነው።

በመጨረሻም ደብሊው ቲ ኮስግሬቭን የመጀመሪያው ቲሸኽ ማለት ስህተት ነው። እርሱ ከ1922 እስከ 1932 የመራው የሥራ አስፈጻሚው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት በሚል ማዕረግ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቲሸኽ ኤመን ዴ ቫሌራ ነው። ከ1973 እስከ 1977 ቲሸኽ የነበረው ልጁ ሊያም ኮስግሬቭ ስለሆነ፣ የአባትና የልጁን የመጀመሪያ ስም ሳያስቀሩ መጻፍ ያስፈልጋል።