የናፍጣ ትራክተር ሞተር ሲጠፋ የሚሠሩ ስህተቶች

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች የእርሻ ወቅት ሲደርስ ትራክተር ማረፊያ የለውም። ሞተሩ መሐል ማሳ ላይ ሲጠፋ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ይፈታል፤ ጉዳቱ የሚበዛውም ያኔ ነው። እዚህ የምናየው በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩትን፣ ለምሳሌ የፐርኪንስ ሞተር ያላቸውን የቆዩ የማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይፈልጋሉ።

ፓምፑን ቀድሞ መፍታት

ከሁሉም ውድ የሆነው ስህተት ይህ ነው። ናፍጣ ከታንኩ ተነስቶ በማጣሪያው ብርጭቆና በመሳቢያው ፓምፕ በኩል ወደ ፊልትሮ (ወደ ናፍጣ ማጣሪያው) ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዋናው ፓምፕና ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄደው። አብዛኛው ችግር ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው ክፍል ይገኛል፤ እዚያ ያለው ዕቃ ደግሞ ርካሽ ነው። ዋናው ፓምፕ ግን ውስጡ ያሉት ብረቶች እጅግ ተጠጋግተው የተገጠሙ ስለሆኑ ጥቂት አቧራ ይበቃዋል። ከተፈታም በመሞከሪያ ማሽን ላይ ሳይለካ በትክክል አይመለስም። ዛፍ ሥር በሸራ ላይ ፓምፕ የሚበትን መካኒክ ሲያዩ ቁልፉን ይቀበሉት።

ፍተሻው ቀላል ነው። ወደ ፊልትሮ የሚገባውን ቱቦ ፈተው የመሳቢያውን ፓምፕ እጀታ በእጅ ደጋግመው ይጫኑ። ናፍጣው ያለ አረፋ በኃይል ከፈሰሰ እስከዚያ ያለው መንገድ ደኅና ነው፤ ቀጥሎ ፊልትሮውን ይመልከቱ። ደክሞ ከመጣ ወደ ታንኩ እየተመለሱ ይፈልጉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የማጥፊያው ገመድ ተስቦ አለመቅረቱን ይዩ። አስቂኝ ይመስላል፤ ሆኖም ስንት ሞተር በዚህ ምክንያት ተፈትቷል!

የታንኩን ክዳን መናቅ

ትራክተሩ ለተወሰነ ጊዜ ደኅና አርሶ ይጠፋል፣ አረፍ ብሎ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክና በጨርቅ የታሰረ ታንክ አየር ስለማያስገባ ናፍጣው መውረድ ያቆማል። ሞተሩ እንደጠፋ ክዳኑን ሲከፍቱ አየር ሲሳብ ከተሰማ ምክንያቱ ተገኘ።

«የሚንጠባጠብ ስለሌለ አየር አይገባም» ማለት

ከታንኩ እስከ መሳቢያው ፓምፕ ያለው ቱቦ ናፍጣ የሚሄድበት በመሳብ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ ቱቦ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ አየር ሊያስገባ ይችላል። ያረጀ የመዳብ ሮንዴላ (የብሎን ሥር ቀለበት) መልሶ መግጠምና የፊልትሮውን አሮጌ ጎማ ማኅተም ሳይቀይሩ ማጥበቅም ያው ነው። የብሎን ጥርስ ላይ ፕላስቲክ መጠቅለል ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ ቁርጥራጩ ወደ ፓምፑ ይሄዳል።

አየሩን ያለ ቅደም ተከተል ማስወጣት

መጀመሪያ ከፊልትሮው፣ ቀጥሎ ከፓምፑ መተንፈሻ ብሎኖች፣ በመጨረሻ ከኖዝሎቹ ቱቦ ዳዶዎች ነው። አረፋው ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ባትሪው እስኪያልቅ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) ያዞራል። በአንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ማዞር ሞተሪኖውን ሊያቃጥል ይችላል፤ በየመሐሉ ያሳርፉት።

ኖዝልን በጣት መሞከር

ይህ ከእርሻም ከገንዘብም በላይ ነው። ከኖዝል የሚወጣው ናፍጣ ከ150 ባር በላይ ግፊት ስላለው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ስለሚመስል ይናቃል፤ ሆኖም ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል። የተወጋ ሰው ሕመሙ እስኪጀምረው ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

በጀሪካን የመጣውን ናፍጣ ወዲያው መገልበጥ

ማደያው ሩቅ በሆነበት አገር ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ይቀመጣል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። ዕቃውን ሳያነቃንቁ ያሳድሩት፤ ከላይ ይቅዱ፣ የመጨረሻውን ጥቂት ሊትር ይተዉት። ዚንክ የተለበጠ በርሜል ከናፍጣ ጋር አይስማማም። የትራክተሩን ታንክ ማታ መሙላትም ይጠቅማል፤ ባዶ ታንክ በባሌ ዓይነት ብርድ ሌሊቱን ጤዛ ይይዛል። ጠዋት ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት በማጣሪያው ብርጭቆ የተጠራቀመውን ውኃ ያፍስሱ። ናፍጣ ላይ ነጭ ጋዝ መቀላቀል ደግሞ ፓምፑን ይጎዳል፤ ፓምፑ ከናፍጣው ሌላ ማለስለሻ የለውም።

ጥቁር ጭስ ሲያዩ ፓምፑን መወንጀል

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ቢታይ አያስደነግጥም፣ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግን ኖዝሎቹን ያስፈትሹ። «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ የፓምፑን ማኅተም ቆርጦ የናፍጣውን መጠን መጨመር ጭስና ሙቀት ያበዛል፤ ፒስተን እስከማቅለጥም ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ፓምፑ ራሱ ከሆነ፣ ከመነቀሉ በፊት ፓምፑና ሞተሩ ላይ ያሉት የመግጠሚያ ምልክቶች የት እንደገጠሙ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ የተከፈቱትን ቱቦዎች ጫፍ በንጹሕ ላስቲክ ያስሩ። ፓምፑን ለሚሠራው ባለሙያም የትኞቹን ፈትሸው እንደጨረሱ ይንገሩት።