የመመገቢያ ቱቦ ወደ ጨጓራ ከገባ በኋላ ምግብ መቼና እንዴት ይጀመራል?

በስትሮክ ወይም በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት መዋጥ ላቃተው ታማሚ በሆዱ ቆዳ በኩል ወደ ጨጓራው የመመገቢያ ቱቦ ሲገባለት፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው መቼ መመገብ እንደሚቻል ነው። ይህ በአብዛኛው ቱቦው በገባበት መንገድ ስለሚወሰን፣ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ)፣ በራጅ እየታየ ወይስ በቀዶ ሕክምና እንደገባ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

በኢንዶስኮፒ የገባለትና ችግር ያልገጠመው አዋቂ ታማሚ ከ4 ሰዓታት ገደማ በኋላ መመገብ ሊጀምር ይችላል። ቀደም ሲል እስከ ማግስቱ መጠበቅ የተለመደ ቢሆንም፣ ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ቶሎ መጀመር ተጨማሪ ጉዳት እንደማያስከትል ስላሳዩ፣ የተዳከመን ሰው ያለ ምክንያት ጦሙን ማሳደር አይደገፍም። በሌሎቹ መንገዶች ለገባ ቱቦና ለሕፃናት ግን ሐኪሙ ረዘም ያለ ጊዜ ሊያዝ ይችላል።

ሰዓቱ ሲደርስ ታማሚው ሆዱ አለመነፋቱና አለማስመለሱ ይታያል። ከዚያም ጀርባው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ተደርጎ፣ ለአዋቂ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ በሲሪንጅ ቀስ ተብሎ ይሰጠዋል፤ ውሃው አልወርድ ካለ በኃይል መግፋት አይገባም። ውሃውን ያለ ሕመም ከተቀበለ ምግቡ በትንሹ ይጀመራል፤ ካበቃም በኋላ ቱቦው በውሃ ይታጠባል፣ ታማሚውም ለአንድ ሰዓት ያህል ቀና እንዳለ ይቆያል፤ በጀርባው ተዘርግቶ ከተኛ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና።

ከሰዓቱ ይልቅ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በመጠኑ ላይ ይመስለኛል። ለቀናት ወይም ለሳምንታት በቂ ምግብ ሳያገኝ የቆየን ሰው በአንድ ቀን ለመካስ መሞከር፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉ ማዕድናት በድንገት አውርዶ የልብ ምቱን እስከ ማዛባት ሊያደርስ ስለሚችል፣ መጠኑ በደም ምርመራ እየታገዘ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ቫይታሚን ቢ1ም አስቀድሞ ይታዘዛል። አጥሚትም ለታመመ የማይቀር ቢሆንም፣ ወፍራም ሆኖ ቱቦውን ሊደፍን ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሆስፒታል የታዘዘውን ፈሳሽ ምግብ ብቻ መስጠት ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሲመገብ ሕመም ከተሰማው፣ ሕመሙ ከበረታበት፣ አዲስ ደም ከታየ ወይም በቱቦው ዙሪያ የጨጓራ ፈሳሽ ከወጣ፣ ምግቡ ከጨጓራው ውጭ ወደ ሆድ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ አቁሞ ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቱቦው ከወጣ ደግሞ፣ ከቆዳው ወደ ጨጓራው የተከፈተው መተላለፊያ ገና ስላልጠነከረ በቤት መልሶ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ቀዳዳውን በንጹሕ ጎዝ ሸፍኖ፣ የወጣውን ቱቦ ይዞ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።