ሲጋርና ቦርቦን አልስማማ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

«ሲጋሩም ጥሩ ነው፣ ቦርቦኑም ጥሩ ነው፤ አንድ ላይ ስይዛቸው ግን አፌ መረረ።» ይህን አቤቱታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚያቀርበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የቦርቦኑ፣ ማለትም የአሜሪካው ውስኪ፣ ጠርሙስ ነው ብሎ ፈርዶ ጨርሷል፤ ሌላ ሊገዛ ተነስቷል። እባካችሁ ገና አትግዙ። ከሚያጋጥሙኝ ብልሽቶች አብዛኞቹ ከእርጥበትና ከሙቀት የሚመጡ ናቸው፤ የመጠጥ ምርጫ ተራው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጋር መቁረጥና መለኮስ እንደምትችሉ፣ ጭሱንም ወደ ሳንባ እንደማታስገቡ አስቤ በቀጥታ ወደ ምልክቶቹ እገባለሁ።

ሲጋሩ ግማሽ ሳይደርስ አፍ ይመራል፤ ቦርቦኑም አልኮል አልኮል ብቻ ይላል

ይህ ከሁሉም የሚበዛው ነው። መንስኤው ሲጋሩ ከሚገባው በላይ ግሎ መንደዱ ነው። ለመጋሉ ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜም ተያይዘው ይመጣሉ፤ ሲጋሩ ከመጠን በላይ እርጥብ ነው፣ አጫሹም ይቸኩላል። እርጥብ ሲጋር እንደ እርጥብ ማገዶ ይጨሳል እንጂ በወጉ አይነድም። ፍሙ ሊጠፋ ሲል አጫሹ ቶሎ ቶሎ በኃይል ይስባል። በሳበ ቁጥር ፍሙ ይግላል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው እንፋሎትና ታር የሚባለው ጥቁር ዝልግልግ ቅሪት ወደ አፍ በኩል እየተጓዘ ጫፉ ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ምላስ ላይ ይለጠፋል።

ነገሩን የሚያባብሰው ቀጥሎ የሚደረገው ነው። ሰውየው ምሬቱን ለማጠብ ቦርቦን ይጎነጫል። ቦርቦን ምሬት አያጥብም፤ አልኮሉ የደረቀውን አፍ ይበልጥ ያደርቀዋል። ቦርቦን የሚጣፍጠን ስኳር ስላለው አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ካለው እህል እንዲሠራና ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ ዕቃ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ያ የቫኒላና የካራሜል ጠባይ በአብዛኛው ከተቃጠለው እንጨት የሚወጣ ጠረን ነው፤ የምናጣጥመውም በአፍንጫችን ጭምር ነው። አፍና አፍንጫ በመራራ ጭስ ሲታፈኑ ቀድሞ የሚጠፋው ይህ ጠረን ነው። አልኮሉ ብቻውን ይቀራል፤ ውዱ ጠርሙስም ከርካሹ የማይለይ ይሆናል።

መንስኤው ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲጋሩን በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። በመጠኑ እሺ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። እንደ ስፖንጅ ከሰመጠ እርጥብ ነው። ደጋግሞ መጥፋት፣ በአንድ ጎን ብቻ መንደድ፣ አየር አላስተላልፍ ማለት፣ ከፍሙ አጠገብ የላይኛው ቅጠል መሰንጠቅ፣ እነዚህ ሁሉ የዚያው ችግር ምስክሮች ናቸው። የላይኛው ቅጠል የሚሰነጠቀው የውስጠኛው ቅጠል በሙቀትና በእርጥበት ሲያብጥ ስለሚገፋው ነው።

አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ቦርቦን ሲቀያይር ከረመ። ስንዴ የገባበትን ሞከረ፣ ራይ የሚባለው እህል የበዛበትን ሞከረ፣ ቀጥሎ ውድ የሆነውን ገዛ፤ ምሬቱ አልለቀቀውም። ሂዩሚዶሩን፣ ማለትም ሲጋር በልኩ እርጥበት የሚቀመጥበትን ሣጥን፣ ሳየው ክዳኑ ላይ የተለጠፈችው መርፌያማ የእርጥበት መለኪያ 70 ትላለች። ሣጥኑን ከፍቼ ባቆየውም መርፌዋ ከ70 አልተነቃነቀችም። ተጣብቃ ኖሯል! ሲጋሮቹ ግን ሲነኩ ይለመጣሉ። ከሣጥን ጋር በነጻ ተለጥፈው የሚመጡት እነዚህ መለኪያዎች የሰውን ገንዘብ ያስጨርሳሉ፤ ብዙዎቹ ጌጥ ናቸው። መርፌ ያለው መለኪያ ሳትፈትኑ በጭራሽ አትመኑ። ዲጂታሉንም ፈትኑ።

አፈታተኑ ቀላል ነው። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፤ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሩበትና እርጥብ ሊጥ ይምሰል፤ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ዝጉትና አሳድሩት። በማግስቱ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 68 ካሳየ መለኪያችሁ 7 ያጎድላል፤ ስታነቡ 7 ደምሩበት። መርፌዋ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰች ጣሏት።

በተለምዶ የሚነገረው ልክ 70 በመቶ እርጥበትና 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለብቻው ለሚጨስ ሲጋር ይሁን። ከጠንካራ መጠጥ ጋር ለሚቀርብ ግን እኔ 65 በመቶን እመርጣለሁ፤ ቅጠሉ ቀዝቀዝ ብሎ በእኩል ይነድዳል፣ ሳቡም ይቀላል። እርጥበት ሲበዛ የሚመጥጡ፣ ሲያንስ የሚለቁ ባለ 65 ከረጢቶች ይሸጣሉ፤ እነሱን አስገቡና ሳምንታት ጠብቁ። ወዳጄ ያደረገው ይኸንኑ ነው። ያማረረው ሲጋር፣ የናቀው የመጀመሪያ ጠርሙስ፤ አንዱንም አልቀየረም፣ ምሬቱም ሄደ። ዛሬ ማታ ማጨስ የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ማሰብ ነበረባችሁ፤ ሲጋሩን እርጥበት ሰጪ በሌለበት ባዶ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማሳደር ያስፈልጋል። በፀጉር ማድረቂያ፣ በማይክሮዌቭ፣ በፀሐይ አታድርቁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥም መፍትሄ አይሆንም፤ ቅጠሉ ያለ ልክ ይደርቃል፣ የምግብ ሽታም ይጠጣል።

እርጥበቱ ከተስተካከለ የሚቀረው ችኮላው ነው። በደቂቃ አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ በቂ ነው። 50 ውፍረት (ልኩ የኢንች 64ኛ ነው) እና 5 ኢንች ርዝመት ያለው፣ ሮቡስቶ የሚባለው ሲጋር አንድ ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይገባል፤ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው ሰው ስለ ጣዕም ሊያወራኝ አይችልም። ጣታችሁ ፍሙ ካለበት ራቅ ብሎም ሙቀት ከተሰማው መተርኮሻው ላይ አኑሩት። ታሩ ከተጠራቀመ በሲጋሩ ውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ እፍ በሉ፤ የታመቀው ጭስ ይወጣል። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፤ ጭሱ ከአፍ ይውጣ፣ ትንሽ ይቆይ፣ ቦርቦኑን ጎንጨት አድርጉ፣ ከዋጣችሁት በኋላ ጠረኑ ይመለስ፣ ከዚያ ሳቡ። በመካከል ንጹህ ውሃ ጠጡ። ውሃ በጠረጴዛው ላይ ከሌለ አትጀምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ሲጋሩን ቦርቦን ውስጥ አትንከሩት! የፊልም ወግ ነው። የላይኛው ቅጠል ይለቃል፣ እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ እስካሁን ያስተካከላችሁት ሁሉ በአንዲት ነከር ይበላሻል። የሚነደውን ጫፍ የሚነክር ሰውም አይቻለሁ፤ እሳትና አልኮል አብረው የሚጫወቱበት ነገር የለም።

ሲጋሩ ጣዕሙ ጠፋ፤ ቦርቦኑ ብቻ ያንገበግባል

መጠጡ ከብዷል። ቦርቦን ወደ በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ አልኮል እንዳይበልጥ ሕጉ ያዝዛል። በአሜሪካው ኬንታኪ ግዛት ግን ሞቃት በሆኑት የመጋዘኖቹ ላይኛ ወለሎች ላይ ውሃው ከአልኮሉ ፈጥኖ ስለሚተን፣ ሳይቀጠን የሚታሸገው አንዳንዴ ከዚያም ይበልጣል። ይህን ኮኔቲከት በሚባለው ቀላል ቀለም ባለው ቅጠል ከተጠቀለለ ሲጋር ጋር ማቅረብ ሲጋሩን መጣል ነው። ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሩና እንደገና ቅመሱ። ካልሆነ ወደ 45 በመቶ ውረዱ፤ በራይ ፋንታ ስንዴ የገባበት እንደ ሜከርስ ማርክ ያለው ለቀላል ሲጋር ለስላሳ ጓደኛ ነው።

ቦርቦኑ ውሃ ውሃ አለ

የዚህ ተቃራኒ ነው። ሊጌሮ የሚባለው፣ ከተክሉ አናት የሚለቀመው ጠንካራ ቅጠል የበዛበት ሲጋር 40 በመቶውን መጠጥ ይውጠዋል። በ1897 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት «ቦትልድ ኢን ቦንድ» ተብሎ የሚታሸገውን ፈልጉ፤ ቢያንስ 4 ዓመት የቆየና ልክ 50 በመቶ የሆነ ነው። እኔ ለዚህ ሥራ ከእሱ የበለጠ ታማኝ አላገኘሁም።

ሁለቱም በርበሬ በርበሬ ይላሉ

ቅመም ያለው ሲጋር ራይ ከበዛበት ቦርቦን ጋር ሲገናኝ ማቃጠል ብቻ ይቀራል። አንዱን ለውጡ፤ ራይ የበዛበትን ረዘም ላለ ጊዜ ለፈላውና ወደ ካካዎ ለሚያዘነብለው፣ ማዱሮ ለሚባለው ጥቁር ሲጋር ስጡት፣ ቅመም ላለው ሲጋር ደግሞ የስንዴውን።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የአሞኒያ ሽታ ካለ ቅጠሉ ገና አልበሰለም፤ ወራት ይቆይ። የነዳጅ ሽታ ካለ በቤንዚን ላይተር ለኩሳችኋል፤ ቡቴን ወይም ክብሪት ተጠቀሙ። ቅጠሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ካያችሁ የትንባሆ ጥንዚዛ ገብቷል፤ ለይታችሁ አውጡት፣ የቀሩትንም በከረጢት አሽጋችሁ ለሦስት ቀን ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዚያ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ። ቦርቦኑ ሞቶ ከተገኘ ጠርሙሱ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ አየር በልቶታል። ብርጭቆው ሳሙና ከሸተተ እንደገና ይታጠብ፤ ይህን መጻፍ ባያስፈልግ ደስ ባለኝ ነበር።

ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ

ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ኒኮቲንና አልኮል በባዶ ሆድ ሲገናኙ የሚመጣ ነው፤ ጠንካራ ሲጋር ያልለመደውን ሰው ፈጥኖ ይጥላል። ሲጋሩን አስቀምጡ፣ መጠጡንም አቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ውሃና ጣፋጭ ነገር ውሰዱ። ሁለተኛ ጊዜ ሳትበሉ አትጀምሩ። መኪና አትንዱ። ትንባሆና አልኮል አብረው የአፍና የጉሮሮ ካንሰርን አደጋ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚያመጡት በላይ ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ይህ የዕለት ልማድ አይሁን። ትውከቱ ካልቆመ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ ወደ ሐኪም ውሰዱት።