የበር ቁልፍ አልዞር ሲል፦ ጉልበት ከመጠቀማችሁ በፊት

በደብረ ብርሃን የብረት በር እየሠራሁ የምተክል ሰው ነኝ። «ቁልፉ ተበላሽቷል፣ አዲስ ይቀየርልን» ተብዬ ከምጠራባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ቁልፉ ደህና ነው፤ ችግሩ በሩ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ፣ ይልቁንም ቁልፉን በፒንሳ ይዛችሁ ከመጠምዘዛችሁ በፊት፣ እባካችሁ በሩን ክፈቱና እንደተከፈተ ቁልፉን አዙሩት። ምላሱ (ከበሩ ጠርዝ ወጥቶ መቃኑ ውስጥ የሚገባው ብረት) ያለ ችግር ወጥቶ ከገባ በሩና መቃኑ አልተገጣጠሙም ማለት ነው። በሩ ተከፍቶም ካስቸገረ ጥፋቱ የቁልፉ ወይም የሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት ክፍል፣ ነው።

በእኛ አካባቢ ከበሩ መጀመር ይሻላል። ከደብረ ብርሃን እስከ ሞረትና ጅሩ ብዙ ቤት የቆመው በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ቤቱ ከአፈሩ ጋር ይነሣል፣ ከአፈሩ ጋር ይወርዳል፤ መቃኑም ጥቂት ሚሊ ሜትር ያዘነብላል። ምላሱን ለማሰናከል ይኸው ይበቃል። በነሐሴ አልከፈት ያለ በር በታኅሣሥ ማንም ሳይነካው የሚላላው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ፀሐይ ትጨመራለች። 2 ሜትር ቁመት ያለው የብረት በር ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጠዋት የሚታዘዝ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያስቸግር በር ካላችሁ ይህን ጠርጥሩ።

ምላሱ የት እንደሚነካ ለማወቅ ጫፉን በከሰል ቀቡት፤ በሩን ዝጉና ለመቆለፍ ሞክሩ። ከዚያ ከፍታችሁ መቃኑን ተመልከቱ፤ ጥቁሩ ምልክት ከቀዳዳው በታች ካረፈ በሩ ወርዷል። ተነቃይ ማጠፊያ ያለውን የላሜራ በር ሁለት ሰው ከፍ አድርጎ ያወጣዋል፤ በእያንዳንዱ ማጠፊያ እንዝርት ላይ አንድ ሮንዴላ አስገብታችሁ፣ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት። ምልክቱ ወደ ጎን ከሆነ ቀዳዳውን በዚያው አቅጣጫ በሞረድ ጥቂት ጥቂት አስፉት። በክረምት ግን ከሚያስፈልገው በላይ አትሞርዱ፤ አፈሩ ሲደርቅ በሩ ተቆልፎም ይንገጫገጫል።

ጥፋቱ ከቁልፉ ከሆነ በመጀመሪያ ሳይነካ የተቀመጠውን ዋናውን ቁልፍ ሞክሩ። ጥርሱ ከተበላ ቁልፍ የተቀረጸ ቅጂ የአሮጌውን መበላት ይዞ ይወጣልና፣ ሁልጊዜ ከዋናው አስቀርጹ። ዋናውም ካልሠራ ወደ ሲሊንደሩ ሂዱ። በውስጡ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ጥንድ ቀጫጭን ዘንጎች በሞላ ተገፍተው ይቀመጣሉ፤ የቁልፉ ጥርሶች ሁሉንም ወደ ትክክለኛው ከፍታ ካላነሷቸው አይዞርም። አንዱ ዘንግ በአቧራ ከተያዘ በቃ፣ በሩ አይከፈትም።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ወጥ ቤት ዘይት ነው። አደራ፣ አታድርጉት። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የውርጭ ሌሊት ዘይቱ ይወፍርና ዘንጎቹን ይይዛል። ንጋት ላይ እምቢ ብሎ እኩለ ቀን ላይ የሚዞር ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት የጠጣ ነው። በዘይት ፋንታ ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ወይም ከዚያ የለሰለሰ፣ በቁልፉ ጥርሶችና ጎኖች ላይ ደጋግማችሁ እሹ፤ አስገቡ፣ አውጡ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ እንደገና ቀቡ። የእርሳሱ ግራፋይት ደረቅ ማለስለሻ ነው፤ ብርድም አያወፍረውም።

ዘይት አስቀድሞ ከገባበት ሲሊንደሩን አውጡ። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከምላሱ በታች ያለውን ረጅም ብሎን በካቻቪቴ ፍቱ፤ ቁልፉን አስገብታችሁ ጥቂት ስታዞሩት ሲሊንደሩ ይወጣል። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ አራግፉት፣ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ እርሳሱን ቀቡ። ይህን የምትሠሩት ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ ነው። ሲሊንደሩን ራሱን ግን አትፈታቱት፤ ሞላዎቹ ተስፈንጥረው ከጠፉ አትገጥሙትም።

ተቆልፎባችሁ ከሆነ እጀታውን ወደ ራሳችሁ እየሳባችሁ፣ ካልሆነም ወደ ላይ እያነሣችሁ ቁልፉን በቀስታ አዙሩ። ምላሱ ከመቃኑ ጋር ከተጣበቀ ይህ ያላቅቀዋል። ቁልፉ ውስጥ ከተሰበረ ሙጫ አታስገቡ። ቁልፍ የሚወጣው በገባበት አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ ቀዳዳውን በቀጭን ካቻቪቴ ወደ ነበረበት መልሳችሁ ስብርባሪውን በወረንጦ ሳቡት።

የሚያስቸግር ቁልፍን «እንለምደዋለን» ብላችሁ አትተዉት። በብርዱ ወራት ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ከውስጥ ቆልፎ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው። ከሰሉ ራሱ አይገባም፤ ጭስ ባይታይም የማይታየው ጋዝ ይገድላል። እናቶቻችንና አባቶቻችን በዚያ ሰዓት ከማይዞር ቁልፍ ጋር ሲታገሉ አስቡት። በእነሱ በር ላይ ሲሊንደሩ ቁልፍ ሳያስፈልገው ከውስጥ በእጅ የሚዞር ይሁን።

አዲስ ሲሊንደር ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ ሁለቱ ጫፎች ያለውን ርዝመት በየጎኑ ለኩት፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከውጭ በኩል ከበሩ አፍንጫውን ያወጣ ሲሊንደር ሌባ በመቆንጠጫ ይሰብረዋልና ከሽፋኑ ጋር እኩል የሚያርፈውን ምረጡ።